ስለ አሮጌ ዕቃ ሽያጭና ስለ መቀበያ ወረቀት

በጋምቤላ ከተማ ክረምቱ ሊገባ ሲል የዝውውር ደብዳቤ የደረሰው ሠራተኛ ሁሉ የቤቱን ዕቃ ወደ ደጅ እያወጣ ሲሸጥ ይታያል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የብረት አልጋንና ማቀዝቀዣን በመኪና ጭኖ እስከ ቡሬና እስከ ጎሬ ያለውን ዳገት ለማስወጣት የሚጠየቀው የጭነት ዋጋ አንዳንድ ጊዜ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል፤ ደግሞስ ወደ ደጋ ለሚወጣ ሰው ቬንትሌተር ምን ያደርግለታል? አዲስ ለሚመጣው ባለቤተሰብ ግን ያለ ቬንትሌተር የባሮን ዳር ሙቀት ችሎ ማደር ጭንቅ ነው። ስለዚህ ሻጩም ገዢውም በዚህ ንግድ ይጠቀማሉ፤ ነገሩም የሚነቀፍ አይደለም።

የሚነቀፈው አከፋፈሉ ነው። በሱቅ አንድ ኪሎ ምስማር ስንገዛ ደረሰኝ የምንጠይቅ ሰዎች፥ ከጎረቤታችን የብዙ ሺሕ ብር ዕቃ ስንገዛ ገንዘቡን በጨርቅ ጠቅልለን ሰጥተን፥ ቡናውን ጠጥተን፥ ተመራርቀን እንለያያለን። ወረቀት መጠየቅ ሰውየውን ሌባ ማለት ይመስለናል። እኔ ራሴ ዕድሜዬን በሙሉ የሰውን ሙግት በመዝገብ ስጽፍ የኖርሁ ስሆን በዚሁ ይሉኝታ ተይዤ መሳቂያ ሆኛለሁ። ወደዚህ አገር በመጣሁበት ዓመት አንድ ወደ ሌላ ክፍል የተዛወረ ባልንጀራ የብረት አልጋ ሸጠልኝ፤ ገንዘቡንም በእጁ ቆጥሬ ሰጠሁት። ሦስት ወር ሳይሞላ ባልንጀራዬ ተከራይቶበት የነበረው ቤት ባለቤት መጥተው «አልጋው የቤቱ ነው፤ ለተከራዩ ያዋስሁት እኔ ነኝ» አሉ። እውነትም ያዋሱበትን ቀን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩዋቸው። ሕጉስ በ1952 ዓ.ም. በታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1161ኛው ቁጥር፥ ተንቀሳቃሽ ዕቃን በቅን ልቡና ዋጋ ከፍሎ የተረከበውን ሰው ይረዳዋል። ነገር ግን ዋጋ መክፈሌን የሚያሳይ ምን ነበረኝ? ሻጩ ርቆ ሄዷል፤ ቡናውን ያፈሉት ባለቤቱም አብረውት ሄደዋል። ከአረጋዊ ጎረቤት ጋር መካሰሱ አሳፍሮኝ አልጋውን አስረከብሁ፤ ባለቤቴም አራስ ሳለች ሁለት ሳምንት በሰሌን ላይ ተኛች። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ አልወቀሰችኝም፤ ዝምታዋ ግን ይበቃኛል።

ይህ የእኔ ጉዳት ቀላል ነው። በችሎት ያየሁት ሌላው ከዚህ የከበደ ነበረ። አንዲት ባልዋ የሞተባት፥ ልብስ እየሰፋች ልጆችዋን የምታሳድግ ሴት፥ ከአንድ ሹም ቤት የልብስ ስፌት መኪና በአራት ጊዜ ክፍያ ገዛች። ገንዘቡን በየወሩ የምትቀበላት የሹሙ ሚስት ነበረች። ሁለቱ ሴቶች ይዋደዱ ስለ ነበር አራቱንም ጊዜ በእጅ ሰጠች፤ አንድ ጊዜ ብቻ እመቤቲቱ በገዛ ፈቃዷ በስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ «የዚህን ወር ተቀበልሁ» ብላ ጽፋ ፈርማ ሰጠቻት። ከዚያ በኋላ ቤተ ሰቡ ተዛወረ፤ እመቤቲቱም በሄደችበት አገር ታማ ሞተች። ባልዬው ሒሳቡን የማያውቅ ሰው ነበረ፤ በሚስቱ ማስታወሻ ደብተርም የተጻፈ ነገር ስላላገኘ፥ ገንዘቡ ያልተከፈለ መስሎት በወኪል ከሰሰ። እዚህ ላይ እንዲስተዋል የምሻው፥ ማንም አለመዋሸቱን ነው። ባልየው በእውነት አልተከፈለኝም ብሎ ያምናል፤ ሴቲቱም በእውነት ከፍላለች። ነገር ግን ከፍያለሁ የሚል ሰው መክፈሉን የማስረዳቱ ሸክም የራሱ ነው። ከሁለቱ ምስክሮችዋ አንዱ ወደ አሶሳ ተዛውሮ አልተገኘም፤ ሁለተኛዪቱም ገንዘብ ሲሰጥ አየሁ አለች እንጂ ስንት እንደ ነበረና ስለ ምን እንደ ተሰጠ ልትናገር አልቻለችም። ያች የስኳር ወረቀት ግን ቆመች፤ ፍርዱም የአንዱን ወር ክፍያ ቈርጦላት የሦስቱን እንድትከፍል ሆነ። ውሳኔውን የገለበጥሁት እኔ ነኝ፤ እጄ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

የዝውውር አገር ጠባዩ እንዲህ ነው። ምስክሩም እንደ ሻጩ ይዛወራል። የጋምቤላም ነገር ከጥንት ጀምሮ ይኸው ነው። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተቆረቆረ በኋላ፥ ከተማው በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ እስኪመለስ ድረስ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች የሚደርሱት ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ብቻ ነበር። ከጎሬ በኩል ቡና የሚያወርደው ነጋዴ፥ በመጨረሻው መርከብ የሄደውን ሰው ሊጠይቀው ቢወድ ወንዙ እንደገና እስኪሞላ መጠበቅ ነበረበት። ጥሬው ብር በቅል ተሞልቶ ቢገኝ እንኳ፥ ያለ ጽሕፈት እንዲህ ያለ ንግድ እንዴት ይቆማል? የአቢሲኒያ ባንክም በጎሬ ቅርንጫፍ፥ በጋምቤላ ደግሞ ወኪል ቤት የከፈተው ይህን ንግድ ተከትሎ ነው።

ወረቀት መጻፍ ከባሕር ማዶ የመጣብን ልማድ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ስሕተት ነው። በጎንደር ዘመን ርስትና ቤት ሲሸጥ ዋጋው፥ የሻጩና የገዢው ስም፥ የእማኞቹም ስም በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ እንደ ነበር ዛሬም መጻሕፍቱን ገልጦ ማየት ይቻላል። አባቶቻችን ወዳጃቸውን ሌባ ለማለት በወንጌል ኅዳግ አልጻፉም፤ ሞት እንዳለ ስለሚያውቁ ጻፉ እንጂ።

እንግዲህ ወረቀቱ ምን ይበል? አልጋን ወይም ማቀዝቀዣን ለመሸጥ ሕጉ የተለየ የውል ፎርም አያስገድድም፤ በአንድ ገጽ የተጻፈ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን የዕቃውን መልክ በመግለጽ ላይ ነው። «አንድ ማቀዝቀዣ ሸጥሁ» ብሎ ይጽፋል፤ የትኛውን? በዚህ ረገድ ከኑዌር ከብት አርቢዎች ብንማር መልካም ነበር። ኑዌሩ ስለ በሬው ሲናገር በሬ ብቻ ብሎ አያልፍም፤ የቀለሙን ዓይነት፥ ነጩ በየት በኩል እንዳለ፥ የቀንዱን አቀማመጥ ለይቶ የሚጠራበት ቃል አለው፤ ከሺሕ ከብት መካከልም ያው በሬ ይታወቃል። እኛም እንደዚሁ አድርገን እንዲህ ብንጽፍ ይበቃል፦

«እኔ ስሜና ፊርማዬ ከዚህ በታች ያለው፥ ቀለሙ ነጭ የሆነ፥ የበሩ እጀታ የተሰነጠቀ፥ የፋብሪካ ቁጥሩ ይህ የሆነ አንድ ማቀዝቀዣ ለአቶ እገሌ ሸጬ፥ ዋጋውን ብር ይህን ያህል በሙሉ ቆጥሬ በእጄ ተቀብያለሁ። ዕቃው የራሴ ለመሆኑና የሌላ ሰው መብት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ ነኝ።»

ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፤ ቀኑና ቦታው አይረሳ፤ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ ሁለት ቅጅ ሆኖ አንዱ በሻጩ ዘንድ ይቅር። ዕቃው እክል ካለው እክሉም ይጻፍ፤ ይህ ሻጩንም ከኋላ ክርክር ያድነዋል። መጻፍ የማይችል ሰው የጣት አሻራ ቢያደርግ ግን፥ አሻራው በውል አዋዋይ፥ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1728ኛው ቁጥር ስለሚናገር፥ ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል። ስለ መኪናና ስለ ሞተር ብስክሌት የሆነ እንደ ሆነ በቤት የተጻፈ ወረቀት አይበቃም፤ ወደ ውልና ማስረጃ መሥሪያ ቤት መሄድ ነው።

ቀብድ ለሚሰጡም አንድ ቃል። ቀብድ ሰጥቶ ውሉን ያፈረሰ ሰው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀብሎ ያፈረሰው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ነገር ግን የተሰጠው ገንዘብ ቀብድ መሆኑ በጽሑፍ ካልተለየ፥ አንዱ ቀብድ ነው ሌላው ብድር ነው እያለ ሲከራከር ክረምቱ ያልፋል።

ስለ ገንዘቡ ቆጠራ፥ በመሸ ጊዜ በኩራዝ ወይም በደካማ መብራት አትቀበሉ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም የብር ኖቶች ሲለወጡና ባለ 200 ብሩ ሲወጣ፥ አዲሱን ኖት ገና ያልለመደ ሰው በጨለማ እንዴት ይለየዋል ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር፤ ጥንቃቄው ዛሬም አላረጀም። ብዙ ገንዘብ ከሆነ ሁለታችሁም ባንክ ሄዳችሁ በዚያ ብትረካከቡ ይሻላል። አሁን በስልክ መክፈል ስለ ተለመደ፥ መልእክቱ ራሱ ደረሰኝ ነው የሚሉ ወጣቶች አሉ። መልእክቱ ገንዘቡ ከእገሌ ወደ እገሌ መሄዱን ይመሰክራል፤ ስለ ምን እንደ ሄደ ግን አይናገርም። ስለ ማቀዝቀዣው ይሁን፥ ስለ አሮጌ ብድር ይሁን ወይም ስለ ሠርግ ስጦታ፥ ያን የሚናገረው ያችው አንዲት ገጽ ናት።

በእኛ ቤት ወረቀቱን የምትጠይቀው አሁን ባለቤቴ ናት። ባለፈው ሰሞን ከአንዲት ተዛዋሪ መምህርት ቁም ሣጥን ስንገዛ፥ እኔ ገና በይሉኝታ ወዲያና ወዲህ ስል፥ እርስዋ ቡናውን ቀድታ ደብተርዋን ከጀበናው አጠገብ አኖረችና «እኅቴ፥ ነገ እኔ ብሞት ልጆቼ ቁም ሣጥኑ የማን ነው ብለው እንዳይጨነቁ ሁለት መስመር ጻፊልኝ» አለቻት። መምህርቲቱም ሳቀች፤ አራት መስመርም ጽፋ ፈረመች፤ ከመሄዷም በፊት አንድ ቅጅ ለራስዋ ለመነች።