ሁሉም ሰው 120 በ80 ነው እንዴ?

በኛ አገር አነጋገር የደም ግፊት በሽታ «ደም ብዛት» ይባላል። ስሙ ራሱ ያሳስታል። በሽታው የደሙ መብዛት ሳይሆን ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ከልክ ማለፉ ነው። ይህ ኃይል ደግሞ እንደ ትኩሳት በእጅ ተዳስሶ፣ እንደ ቁስል በዓይን ታይቶ አይታወቅም። መለካት የግድ ነው። ታዲያ የሚለካው ባለሙያ በትክክል መለካት ባይችልስ? የዛሬው ጽሑፌ የሚያተኩረው የጤና ተማሪዎች ግፊት መለካትን በሚለማመዱበት አሻንጉሊት ላይ ነው።

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆነህ ግፊት ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እስኪ ትንሽ ታገሱኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን መለኪያ የሠራው ጣሊያናዊው ሐኪም ሪቫ-ሮቺ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1896፣ የአድዋ ጦርነት የተካሄደበት ዓመት ነበር። በማዳመጫ የመለካቱን ዘዴ ያመጣው ደግሞ ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905። ጨርቁ በአየር ተነፍቶ ደም ሥሩን ይዘጋዋል። ከዚያ አየሩ ቀስ እያለ ሲለቀቅ፣ የመጀመሪያው የ«ጠብ ጠብ» ድምፅ የተሰማበት ቁጥር የላይኛው፣ ድምፁ የጠፋበት ደግሞ የታችኛው ግፊት ይሆናል። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ግን ጆሮ፣ ዓይንና እጅ በአንድ ጊዜ መሥራት አለባቸው፤ አየሩም በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ብቻ እየወረደ መለቀቅ አለበት።

ተማሪዎች ይህን በአብዛኛው የሚለማመዱት እርስ በርሳቸው ነው። የሃያ ዓመት ጤነኛ ወጣት የሌላውን የሃያ ዓመት ጤነኛ ወጣት ክንድ ይለካል። ውጤቱ ሳይለካም ይታወቃል፤ 110 በ70 ወይም 120 በ80። ድምፁን በትክክል የሰማውም፣ ምንም ሳይሰማ ከጎኑ ያለውን አይቶ የጻፈውም መልሳቸው አንድ ነው። መምህሩም ቢሆን የልጁን ትክክለኛ ግፊት ስለማያውቀው ማረም አይችልም። መለኪያው ላይ ያሉት ጭረቶች በ2 በ2 የሚሄዱ ሆነው ሳለ መዝገብ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ በዜሮ ካለቁ፣ እዚያ ቤት ከመለካት ይልቅ መገመት እንዳለ ጠርጥሩ።

አሻንጉሊቱ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ኖርዌያዊው አሻንጉሊት ሠሪ ሌርዳል እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣት ሪሰሲ አን ትንፋሽ መስጠትንና ደረት መጫንን ለማስተማር የተሠራች ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1967 በካሊፎርኒያ የተሠራው ሲም ዋን ግን በኮምፒዩተር እየታገዘ የልብ ምትና የደም ግፊትም ነበረው። የዛሬዎቹ የግፊት መለማመጃ ክንዶች አሠራር ብዙም የተወሳሰበ አይደለም። በጨርቁ ውስጥ ያለውን ግፊት የሚያነብ ሴንሰርና ክርኑ ሥር የተቀበረች ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለ። መምህሩ 168 በ104 ብሎ ይሞላል። ተማሪው አየሩን ሲለቅ፣ ግፊቱ 168 ሲደርስ ድምፁ ይጀምራል፣ 104 ላይ ይጠፋል። መምህሩ መልሱን ያውቃል፣ ተማሪው አያውቅም። ይህ ነው ትልቁ ቁም ነገር!

«እውነተኛ የሚመስል አሻንጉሊት» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቆዳው ሰው የሚመስል፣ ዓይኑን የሚያርገበግብ ውድ ዕቃ ነው። እኔ ግን እውነተኛነቱ የሚለካው ስህተታችንን መያዝ በመቻሉ ነው እላለሁ። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በአንዳንድ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ድምፁ መሐል ላይ ጠፍቶ እንደገና ይመጣል። የሰውዬው የላይኛ ግፊት 180 ነው እንበል፤ ድምፁ 170 ላይ ጠፍቶ 150 ላይ ይመለሳል። ጨርቁን እስከ 160 ብቻ የነፋ ተማሪ መጀመሪያ የሚሰማው 150 ላይ ነው፤ እሱኑ ይጽፋል። መድኃኒቱ የእጅ አንጓ ላይ የልብ ምትን እየዳሰሱ መንፋት፣ ምቱ ከጠፋ በኋላ 30 ያህል መጨመር ነው። ይህቺን እርምጃ የዘለለ ተማሪ በጓደኛው ክንድ ላይ ምንም አይደርስበትም። ይህ ክፍተት የተሞላለት አሻንጉሊት ግን ወዲያው ያጋልጠዋል።

ጉዳዩ የፈተና ነጥብ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። በ2007 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ኢትዮጵያውያን 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ነበራቸው። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የነፍሰ ጡሮች ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ 140 በ90 የደረሰ ግፊት ማስጠንቀቂያ ነው፤ 160 በ110 ሲሆን ደግሞ አጣዳፊ አደጋ። ከካማሺ ወይም ከአሶሳ ዙሪያ ቀበሌዎች በእግሯ ጤና ጣቢያ የደረሰች እናት «120 በ80፣ ደህና ነሽ» ተብላ ከተመለሰች፣ እንደገና የምትመጣው የሚጥል መንቀጥቀጥ ከጀመራት በኋላ ሊሆን ይችላል። የሚያሳዝነው፣ መድኃኒቱ መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነው፣ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶችን ያሳተፈው የማግፓይ ጥናት ማግኒዥየም ሰልፌት መንቀጥቀጡን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መርፌው ግን ያለ ቁጥሩ አይታዘዝም።

«አሁን እኮ ዲጂታል መለኪያ አለ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የተፈተሸ ዲጂታል መሣሪያ ብዙ ስህተት ይቀንሳል። ነገር ግን ባትሪው ያልቃል፤ የልብ ምቱ የተዛባ ሰው ላይ ይሳሳታል፤ ብዙዎቹም የነፍሰ ጡሮችን ግፊት አሳንሰው ያነባሉ። ማሽኑን የሚጠራጠር ጆሮ ያስፈልጋል።

«ውድ ነው» ለሚሉም መልስ አለኝ። መላ አካሉ በኮምፒዩተር የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ከመጠበቅ ለብቻው የተሠራ አንድ ክንድ ይቅደም። ሴንሰር፣ ድምፅ ማጉያና ትንሽ መቆጣጠሪያ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች ለመመረቂያ ፕሮጀክት ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ነው። በአገር ልጅ የተሠራ ነገር ሲበላሽ እዚሁ ይጠገናል፤ አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ስለምትገኝ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። እስከዚያው ደግሞ መምህርና ተማሪ አብረው የሚያዳምጡበት ባለ ሁለት ጆሮ የማስተማሪያ ማዳመጫ አለ። ፈተናውም ይጥበቅ፤ ከተሞላው ቁጥር ከ4 በላይ የራቀ ተማሪ ደግሞ ይለማመድ እንጂ አይለፍ።

አሁን ወደኛ ልመለስ። የሕክምና መሣሪያ ርክክብ ዜና ሁላችንም እንሠራለን። ስንት አሻንጉሊት እንደመጣ፣ ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደተረከበ ጽፈን እንጨርሳለን። ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ጥያቄ እንጨምር፦ ክንዱ ግፊት ይለካበታል? መምህሩ ቁጥሩን መቀያየር ይችላል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ደግሞስ ምንጭ ሳናጣራ የሰማነውን የምንጽፍ ከሆነ፣ ሳይሰማ 120 በ80 ከሚጽፈው ተማሪ በምን እንለያለን? የሱ ሙያም የኛም ሙያ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ የተጠበቀውን ሳይሆን የተሰማውን መጻፍ።

ቸር እንሰንብት።