ዓሣው ላይ ያለችው አረንጓዴ ምልክት

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እንተወውና ዛሬ ስለ ሌላ የዓሣ ጉዳይ እንጫወት። ልጃቸውን ሊያርሱ ወይም የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሚሄዱ ወላጆች ሱፐርማርኬት ሲገቡ ግራ የሚያጋባ ነገር ያጋጥማቸዋል። ሁለት እሽግ ሳልመን ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንዱ አረንጓዴ ምልክት አለበት፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ኤ.ኤስ.ሲ. የሚል ጽሑፍ ያለበት አረንጓዴ ምልክት በእርባታ ለተገኘ ዓሣ የሚሰጥ ነው። ድርጅቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ሰማያዊው ኤም.ኤስ.ሲ. ደግሞ ከባሕር ለተጠመደ ዓሣ ነው። ምልክቱን የፈለገ አርቢ የውኃውን ንጽሕና፣ የመኖውን ምንጭ፣ የመድኃኒት አጠቃቀሙንና የሠራተኞቹን አያያዝ በገለልተኛ መርማሪ ያስፈትሻል።

ፍተሻው ያለምክንያት አልመጣም። በኖርዌይ ሳልመን የሚረባው ባሕር ውስጥ በተዘረጋ መረብ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው የባሕር ቅማል በዱር ያለውን ሳልመን ይጎዳል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ለሽሪምፕ ኩሬ ሲባል ማንግሮቭ የተባለው የባሕር ዳርቻ ደን በሰፊው ተመንጥሯል። ይህ ደን ማዕበል የሚመክት፣ የዓሣ ጫጩቶችም የሚያድጉበት ነው። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እንደገለጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በእርባታ የተገኘው ዓሣና ሌላ የውኃ እንስሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተጠመደው በልጦ 51 ከመቶ ደርሷል። የልጅ ልጆቻችን የሚበሉት ዓሣ በአብዛኛው የእርባታ ይሆናል ማለት ነው።

ታዲያ ሸማቹ በምልክቱ ይመራል? ሲጠየቅ «አዎ፣ ጨምሬም እገዛለሁ» የሚለው ብዙ ነው። መደርደሪያው ጋ ሲደርስ ግን ዋጋውና ልጆቹ የለመዱት ጣዕም ያሸንፉታል። ምልክቱ ይበልጥ የሚሠራው ከመደርደሪያው ጀርባ ነው። ትልቅ መደብር «ምልክት የሌለው አልረከብም» ሲል አርቢው አሠራሩን ለማስተካከል ይገደዳል። መደብሩ እንዲህ የሚለው ደግሞ ደንበኞቹ እንደሚፈልጉት ሲያውቅ ነው።

አንድ ነገር ግን አይምታታብን። ምልክቱ ዓሣው እንዴት እንደረባ እንጂ ትኩስ መሆኑን፣ ለሕፃን መስማማቱን ወይም መጣፈጡን አይናገርም። እሱን የሚናገሩት ቀኑ፣ ሽታው፣ ዓይኑና ስንጥቡ ናቸው፤ በዚህ እናቶቻችን አይታሙም። ምልክት የሌለው ሁሉም መጥፎ አይደለም፤ የምርመራው ወጪ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ትንሽ አርቢ አለ። ከጫሞ ወይም ከጣና የሚመጣልን ቆሮሶም ምልክት የለውም፤ ከየት እንደመጣና መቼ እንደተጠመደ ሻጩን መጠየቅ የኛ ፋንታ ነው።

እንግዲህ እሽጉን ስታነሡ መጀመሪያ የእርባታ ይሁን የተጠመደ እዩ፤ በአውሮፓም በአሜሪካም ይህን መጻፍ በሕግ ግዴታ ነው። ቀጥሎ አገሩን፣ ከዚያ ምልክቱን። ኪስ ከፈቀደ ምልክት ያለውን መምረጥ ጥሩ ነው፤ ካልፈቀደ ግን ለምልክት ሲባል የልጅ ሳህን አይጉደል። ማንበብ የጀመረ የልጅ ልጅ አብሯችሁ ካለ ምልክቱን እሱ ይፈልግ። «ይኼ ዓሣ የት ነው ያደገው?» ብሎ መጠየቅን ከልጅነቱ ይለምዳል።