ለመንበሩ የተፈቀደ፣ ለነርሷ የተነፈገ

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አባቶች ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ቀኖናው የማያውቀውን ነገር አደረጉ። በአንድ መንበር ሁለት ፓትርያርኮች እንዲኖሩ ተስማሙ፤ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ፣ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር። የሁለቱም ስም በቅዳሴ እንዲጠራ ተወሰነ፤ ከሁለቱም ወገን ውግዘቱ ተነሣ።

የጠቡ መነሻ ራሱ የቀኖና ጥያቄ ነበር። አቡነ መርቆሬዎስ በሕይወት ሳሉ በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ሲሾሙ፣ ፓትርያርክ እያለ ፓትርያርክ አይሾምም ያሉት ሰዎች የያዙት ሕግ ፈጠራ አልነበረም። ጥፋቱ የመጣው ሕጉ ከጳጳሳቱ ወርዶ ምእመናኑን ሲከፍል ነው። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድርያ ሠርግና ለቅሶ የማይለያያቸው ሰዎች እሑድ እሑድ በተለያየ በር ገቡ፤ አንዱ ወደ ስደተኛው ሲኖዶስ፣ አንዱ ወደ አገር ቤቱ፣ አንዱ ወደ ገለልተኛው። ሃያ ስድስት ዓመት! በመካከሉ ተኳርፈው የሞቱትን የ2010ሩ እርቅ አልደረሰላቸውም።

እርቁን ግን ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ልክም ነበር። ታዲያ ለመንበሩ የተገኘው ርኅራኄ ደጀ ሰላሙ ላይ ሲደርስ ምን ነካው?

ሌሊቱን በሽተኛ ስታገላብጥ ያደረች ነርስ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ ወንጌል ከተነበበ በኋላ ብትደርስ የሚቀድማት “ነጠላሽስ?” የሚል ጥያቄ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት የታክሲ ሹፌር በዐቢይ ጾም ቁርስ መብላቱ ከተሰማ ይንሾካሾኩበታል። ፍትሐ ነገሥት ግን በሽተኛን በጾም አያስገድድም። የንስሐ አባት የሚያዘውም በልጁ አቅም ልክ ነው፤ ለሁሉም አንድ ልክ ልብስ ሊሰፋ አልተቀመጠም። (ብዙ ጊዜ ጨካኙ ደግሞ ካህኑ አይደለም፤ ሥርዓትን ትናንት ከዩቲዩብ የተማረው ምእመን ነው።)

“በሰው አገር ሥርዓት ከላላ ልጆቻችን ምን ይይዛሉ?” የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው የሚናቅ አይደለም። ሕልሙን በእንግሊዝኛ ለሚያልም ልጅ ጾሙ፣ ነጠላው፣ ጫማ ማውለቁ አማርኛው ቢጠፋው እንኳ የሚቀሩለት ናቸው። ልጁ ግን እናቱ በር ላይ ተገሥጻ አንገቷን ስትደፋም ያያል። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው አልሄድም ያለው ሥርዓት ላልቶበት ነው?

የካቲት 16 ቀን፣ ኪዳነ ምሕረት፣ የበላዔ ሰብእ ታሪክ በየዓመቱ ይነገራል፤ 78 ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ድውይ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ዳነ። ሰሚው እልል ይላል፣ አንዳንዱም ያለቅሳል። ያው ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ መኪና ማቆሚያው ላይ ስለ ነርሷ የሥራ ሱሪ ያወራል።

ነጠላ ለሌላት የሚሆን ጥቂት ትርፍ ነጠላ በበሩ አጠገብ መስቀል የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ እንኳ አያስፈልገውም። ሚስማር ይበቃል።