የተፋቀው ካሜራና የተቆለፈበት ካሜራ

መሣሪያ ሰውን እንዲያገለግል ይሠራል እንጂ ሰው ለመሣሪያ ዘበኛ እንዲሆን አልተፈጠረም። ይህ እውነት ስለ ማረሻና ስለ መዶሻ ሲነገር የሚከራከር የለም። የገበሬው ዕርፍ በእጅ ብዛት ቢልም፣ የአንጥረኛው መዶሻ እጀታው በላብ ቢጠቁር፣ የሥራ ምልክት ነው ተብሎ ይመሰገናል እንጂ አሳፋሪ ነው ተብሎ አይነቀፍም። ዳሩ ግን ነገሩ ወደ ካሜራ ሲደርስ የብዙ ሰው ፍርድ ይለወጣል። ቀለሙ የለቀቀ፣ ማዕዘኑ የተጎዳ፣ ማንገቻው የነተበ ካሜራ በአንድ ፎቶግራፍ አንሺ አንገት ላይ የታየ እንደ ሆነ፣ «ይህ ሰው ወይ ድኻ ነው፤ ወይም ሥራውን አያከብርም» ይባላል። አዲስ ካሜራ ገዝቶ ከማኅደሩ ለማውጣት የሚፈራው ሰው ግን ባለሙያ ተብሎ የክብር ወንበር ይሳብለታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የተገለበጠ ፍርድ መቃወም ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ካሜራ እንዴት እንደሚፋቅ በመጀመሪያ እንመልከት። በቀደመው ጊዜ ከተሠሩት መልካም ካሜራዎች ብዙዎቹ የላይኛው ሽፋናቸው ናስ ሆኖ በጥቁር ቀለም የተቀባ ነበር። ጣት ዘወትር የሚያርፍበት፣ ማንገቻ ዘወትር የሚፈገፍገው ስፍራ ቀለሙ ቀስ በቀስ ይለቅና ናሱ ብቅ ይላል። እንግዲህ በካሜራው ላይ የሚታየው ቢጫ መስመር የጉዳት ጠባሳ ሳይሆን የሥራ መዝገብ ነው። ሰውዬው ካሜራውን የት እንደሚይዝ፣ ስንት ጊዜ ወደ ዓይኑ እንዳነሣው ይመሰክራል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። በእጃችን ያለው ናሱን ስላሳየ ንቀን፣ በሱቅ መስታወት ውስጥ የሚያብለጨልጨውን እንመኛለን።

የካሜራን ታሪክ የመረመረ ሰው፣ ትንሿ ካሜራ ከመጀመሪያው የተወለደችው ለመንገድ እንጂ ለሣጥን እንዳልሆነ ያገኘዋል። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በጀርመን አገር በቬትስላር ከተማ በሌይትስ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ በአስም የሚቸገር ሰው ስለ ነበረ፣ የዘመኑን ከባድ ካሜራ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ያደክመው ነበር። ስለዚህ በ1913 እና በ1914 ገደማ በሲኒማ ፊልም የሚሠራ፣ ከአንድ መዳፍ እምብዛም የማይበልጥ ካሜራ ሠርቶ ሞከረ። ይህም ካሜራ ላይካ ተብሎ በ1925 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ለሕዝብ ቀረበ። ባርናክ የደከመው ካሜራ ከጠረጴዛ ወርዶ ከሰው ጋራ እንዲሄድ ነው። ከሰው ጋራ የሚሄድ ነገር ደግሞ አቧራ ያገኘዋል፤ ዝናብ ይነካዋል፤ ከድንጋይ ጋራ ይጋጫል። ይህን የማይፈልግ ሰው ባርናክ የፈጠረውን አልፈለገም ማለት ነው።

ፈረንሳዊው ሄንሪ ካርቲዬ ብሬሶን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይካ ገዛ። የካሜራውንም የሚያብለጨልጩ ክፍሎች በጥቁር ፕላስተር ሸፈናቸው። ሰዎቻችን አዲሱን ካሜራ እንዲያብለጨልጭ በጨርቅ ሲወለውሉ፣ በመቶ ዓመቱ ከታወቁት ፎቶግራፍ አንሺዎች ዋነኛው የሆነው ሰው ብልጭታውን ይደብቅ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የሚያብለጨልጭ ካሜራ የሰውን ዓይን ወደ ራሱ ይስባል፤ ሰውም መነሣቱን ሲያውቅ ፊቱን ያስተካክላል፤ ፊቱንም ሲያስተካክል እውነተኛው ገጽታ ይሸሻል። የተፋቀ ካሜራ ግን ራሱን አያስተዋውቅም። በገበያ ውስጥ ባለጉዳዩ ሳይደነግጥ፣ ሌባውም ሳይጎመጅ ሥራውን ሠርቶ ይመለሳል።

ዛሬ «ጊዜው ያለፈበት» ተብሎ የሚናቀው ካሜራ ምን እንደ ሠራ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ኒኮን ኤፍ.ኤም.2 የተባለው ካሜራ በ1982 ወጣ። የብርሃን መዝጊያው በሞላና በጥርስ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሆኖ የሰኮንድን አንድ አራት ሺህኛ ያህል ፍጥነት ነበረው። ባትሪው የሚያስፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ስለ ሆነ፣ ባትሪው ቢያልቅም ካሜራው ማንሣቱን አያቆምም። አሜሪካዊው ስቲቭ ማከሪ በ1984 በፓኪስታን የስደተኞች ሰፈር የአንዲትን አፍጋናዊት ልጅ ፎቶግራፍ ያነሣው በዚህ ካሜራ ነው። ሥዕሉ በሰኔ ወር 1985 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጥቶ ዓለም ሁሉ አወቀው። ያንን ዓይን ያየ ሰው ሁሉ የልጅቱን ፍርሃትና ኩራት አስታወሰ እንጂ ካሜራው ስንት ቁልፍ እንደ ነበረው የጠየቀ የለም።

«ያ የፊልም ዘመን ነበር፤ ዛሬ ሁሉ ነገር ተለውጧል» የሚለኝ አይጠፋም። ለዚህም መልስ አለ። ዴቪድ በርኔት የተባለው አሜሪካዊ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ፣ በ2004 የአሜሪካ የምርጫ ውድድርም ሆነ በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ፣ በዙሪያው ያሉት ባልደረቦቹ ሁሉ ዲጂታል ካሜራ ታጥቀው ሳሉ ከ50 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን ስፒድ ግራፊክ የተባለ ትልቅ ካሜራ ይዞ ቀርቧል። ያነሣቸውም ሥዕሎች ከሌሎቹ የተለዩ ሆነው ተገኙ። ሰውዬው አዲስ ካሜራ መግዛት አቅቶት አልነበረም፤ የሚሠራበትን መሣሪያ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው እንጂ።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ክርክር እመለሳለሁ። አንደኛው፣ «አሮጌ ካሜራ ለኅትመት የሚበቃ ጥራት የለውም» ይላሉ። ይህን በወሬ ሳይሆን በሒሳብ እንየው። ኒኮን ዲ700 የተባለው ዲጂታል ካሜራ የወጣው በ2008 ሲሆን፣ አሁን አሮጌ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሥዕሉ በርዝመት 4256፣ በወርድ 2832 ነጥቦች አሉት። ወርዱ 21፣ ቁመቱ 29.7 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ሙሉ የመጽሔት ገጽ በተለመደው የኅትመት ልክ፣ ማለት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም፣ የሚፈልገው 3508 በ2480 ነጥብ ነው። እንግዲህ ይህ ‹አሮጌ› ካሜራ ሙሉውን ገጽ ሸፍኖ ይተርፋል። የዓመቱ ሪፖርት ውስጥ የመዳፍ ያህል ለምትታተም ሥዕል ከዚህ የበለጠ መሣሪያ ካልተገዛ አልሠራም ማለት፣ ለአንድ ቁና እህል ባቡር ካልመጣልኝ እንደ ማለት ነው። ደግሞም በ1977 የወጣው የኒኮን ሌንስ በዚሁ በ2008 ካሜራ ላይ ገጥሞ እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው፣ «አሮጌ» የሚለውን ቃል ለመናገር አይቸኩልም።

ሁለተኛው፣ «አሮጌ ነገር ይበላሻል» የሚለው ነው። ይህ ከፊሉ እውነት ነው፤ እውነቱንም አልክድም። የሞላ መዝጊያ ከዕድሜ ብዛት ይዘገያል፤ ብርሃን እንዳይገባ የሚከላከለው ስፖንጅ ይፈርሳል፤ ሌንስም ሻጋታ ያወጣል። ነገር ግን ሻጋታው በየትኛው ሌንስ ላይ እንደሚበቅል ልብ ይሏል። በፀሐይና በነፋስ በሚውለው ሳይሆን፣ በቆዳ ማኅደር ታሽጎ በእርጥብ ጨለማ ውስጥ በሚቀመጠው ላይ ነው። የመዝጊያውም ዘይት የሚረጋው ዘወትር በሚሠራው ሳይሆን ለዓመታት ሥራ በፈታው ካሜራ ውስጥ ነው። ስለዚህ ካሜራን ከመጠቀም ይልቅ አለመጠቀም እንደሚያበላሸው ተቃዋሚዎቼ ራሳቸው ባቀረቡት ምስክር ተረጋገጠ።

ሦስተኛው ክርክር የተረት ድጋፍ ያለው ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይሉኛል። እኔ ግን ግድየለሽነትን አልሰበክሁም። ካሜራውን በዝናብ ረስቶ የሚገባ ሰውና በዝናብ ውስጥ እየሠራበት የሚውል ሰው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰነፍ ነው፤ ሁለተኛው ሠራተኛ ነው። ያለ ሥጋት መሥራት የሚመጣው ካለማሰብ ሳይሆን ከማወቅ ነው። ካሜራውን አሥር ዓመት የያዘ ሰው ምን ያህል እንደሚችልለት ያውቃል፤ ጣቱም ሳያይ ቁልፉን ያገኛል። በጠራ የቀትር ፀሐይ፣ ፊልሙ ቁጥር 100 ከሆነ፣ ቀዳዳውን 16 ላይ፣ ፍጥነቱን የሰኮንድ 125ኛ ላይ አድርጎ ያለ መለኪያ ያነሣል። አሳቡ ሁሉ ከመሣሪያው ተላቅቆ ወደሚያየው ነገር ይሄዳል። የባለሙያ ነፃነት ይህ ነው።

በጥምቀት ዕለት በጎንደር በፋሲል መዋኛ ዙሪያ የሚቆሙትን ፎቶግራፍ አንሺዎች ያስተዋለ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። ጠበሉ ተባርኮ በሕዝቡ ላይ ሲረጭ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ ወጣቱ ወደ ውሃው ሲወረወር፣ የዓመቱ ታላቅ ሥዕል የሚገኘው በዚያች ቅጽበት ነው። በዚያችው ቅጽበት ግን ባለ አዲሱ ካሜራ ንብረቱን በጋቢው ሸፍኖ ወደ ኋላ ይሸሻል። ባለ አሮጌው ካሜራ ደግሞ ወደ ፊት ይገፋል። ሁለቱም ማታ ወደ ማደሪያቸው ሲመለሱ አንደኛው ደረቅ ካሜራ ይኖረዋል፤ ሁለተኛው ሥዕል ይኖረዋል። የትኛው ተጠቀመ?

ከዚህ በተቃራኒ ወገን ደግሞ አሮጌውን የሚያመልኩ አሉ። እነዚህም ከቀደሙት የተሻሉ አይደሉም። ባርናክ ራሱ ይሠራበት የነበረው ቁጥር 105 የተባለው ላይካ በ2022 በቬትስላር በሐራጅ 14.4 ሚሊዮን ዩሮ አወጣ። ሰብሳቢዎች ይህን ሰምተው አሮጌ ካሜራ ባገኙ ቁጥር በመስታወት ሣጥን ያስቀምጡታል፤ ያልተነካ፣ ያልተፋቀ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ከሆነማ ዋጋው እጥፍ ነው ይላሉ። ዳሩ ግን ያ ላይካ ያንን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው ባርናክ ስለ ሠራበት እንጂ ሳይነካው ስላስቀመጠው አይደለም። የሥራን ክብር የሚገዛ ገንዘብ ሥራን የሚከለክል ከሆነ ትርፉ ምንድን ነው?

እስካሁን የተናገርሁት የግለሰቦች ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ ነበር። ትልቁ ነገር የሕዝብ ንብረት ጉዳይ ነው። በማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት እጅግ ውድ የሆነ ካሜራ ተገዝቶ በሞዴል 19 ገቢ ሆነ፤ በሞዴል 22 ደግሞ ለአንድ ሠራተኛ ወጪ ሆኖ ተሰጠው። ሠራተኛውም ካሜራው ቢጫር ከደመወዙ እንደሚቆረጥበት ስለ ተነገረው፣ በቁም ሣጥን ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ ያዘ። ወደ ገጠር የሚወጣው ቡድን ሲጠይቀው «መንገዱ አቧራ ነው» አለ፤ በክረምት «ዝናብ ነው» አለ። ድልድዩ ተመረቀ፤ ምንጩ ጎለበተ፤ ችግኙ ተተከለ፤ ካሜራው ግን ከቁም ሣጥኑ ሳይወጣ አረጀ። ሠራተኛውን አልወቅሰውም፤ ወር ጠብቆ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ነው። የምወቅሰው ጭረትን ከጥፋት ጋራ የሚያስተካክለውን አሠራር ነው። የዕቃው መዝገብ ንጹሕ ሆኖ የአገሩ መዝገብ ባዶ ከቀረ፣ የተጠበቀው ምንድን ነው?

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከአጼ ምኒልክ ዘመን አንሥቶ አርመናውያኑ የቦያጂያን ቤተሰብ፣ አባትና ልጆች፣ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው ሠርተዋል። ዛሬ የዚያን ጊዜ ሰዎች ምን ይመስሉ እንደ ነበረ የምናውቀው ካሜራ ከሣጥኑ ስለ ወጣ ነው። የልጅ ልጆቻችን ስለ እኛ ዘመን ሲጠይቁ ምን እናሳያቸዋለን? ያልተጫረ ካሜራ እናሳያቸው ይሆን?

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። የመጀመሪያው፣ የመሥሪያ ቤቶች የንብረት አያያዝ ደንብ በሥራ ላይ የሚደርስን መፋቅና በቸልታ የሚመጣን ጥፋት ለይቶ ይጻፍ፤ ሠራተኛው የሚጠየቀው ካሜራው ለምን ተጫረ ተብሎ ብቻ ሳይሆን ለምን ሥራ ፈታ ተብሎም ይሁን። ሁለተኛው፣ በአንድ ውድ ካሜራ ዋጋ ሦስት ወይም አራት ያገለገሉ መልካም ካሜራዎች ተገዝተው፣ ለጥገና የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ተመድቦላቸው፣ መስክ ለሚወጡ ቡድኖች ይከፋፈሉ። ሦስተኛው ለመምህራን ነው። «ያገለገለ» ተብሎ ሊወገድ የተመደበውን ካሜራ ለተማሪዎች ማኅበር ስጡት፤ ሕፃኑ የመሣሪያን ነገር የሚማረው በመንካት እንጂ በመስታወት ውስጥ በማየት አይደለም።

ተማሪ ሆይ፣ አንተም የአባትህ ወይም የአጎትህ የተፋቀ ካሜራ በቤት ውስጥ ካለ አትፈርበት። አቧራውን ጥረግ፤ መዝጊያውን ሞክር፤ ይዘኸው ውጣ። የተገለጠው ናስ ከአንተ በፊት ሌላ ሰው እንደ ሠራበት ይነግርሃል። አንተ ደግሞ በተራህ ጥቂት ቀለም አስለቅቅለት።