«ፍሬኑ ያለ ጊዜው አልቋል» ስለሚባለው ነገር

አንድ መሥሪያ ቤት ካሚዮን ገዝቶ ለሥራ ካሰማራ በኋላ፥ ዘይት ለመለወጥና ለመደበኛው ምርመራ ወደ ሻጩ ጋራዥ በላከው ጊዜ፥ እንዲህ ያለ ወረቀት ተጽፎ የሚመጣበት ቀን አለ። ይኸውም የመኪናው ፍሬን ያለ ጊዜው አልቋል፤ ያለቀውም በአነዳድ ጉድለት ነው፤ ስለዚህ ዋስትናው አይሸፍነውምና የሸራውና የታምቡሩ ዋጋ የሠራተኛውም ድካም ይከፈል የሚል ነው። ወረቀቱ ማኅተም አለበት፤ ቋንቋውም የባዕድ ሊሆን ይችላል። የደረሰው ሹምም ስለ ፍሬን የተማረው ነገር ስለሌለ፥ ከፊርማው በቀር ምንም ሳይጨምርበት ወደ ሒሳብ ክፍል ይመራዋል። ገንዘቡ ይከፈላል። ከዚያም በኋላ ነጂው ይጠራና፥ የመንግሥትን ንብረት አባክነሃል ተብሎ ይወቀሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ከደመወዙ ይቆረጥበታል።

የሻጩ ቃል ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይገባም። ጋራዡ እውነት የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ነጂውም ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አይጠፋም። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ መርማሪውና የመለዋወጫው ሻጭ አንድ ናቸው፤ የዋስትናውንም ዕዳ ሊከፍል የሚገባው፥ ምርመራው በገዢው ላይ ሲያበቃ ግን ከዕዳው የሚድነው፥ እሱው ራሱ ነው። ሦስት ሥልጣን በአንድ እጅ በተያዘበት ነገር፥ ተናጋሪው ምንም ያህል የታመነ ሰው ቢሆን፥ ቃሉ በማስረጃ እንዲደገፍ መጠየቅ እሱን ማዋረድ አይደለም።

ወረቀቱን አስተውሎ ለሚያነበው፥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተቆላልፈው ይገኛሉ። ሸራው አልቋል የሚለው አንድ ነው፤ ያለቀው ያለ ጊዜው ነው የሚለው ሁለተኛ ነው፤ ጥፋቱ የባለቤቱ ወይም የነጂው ነው የሚለው ሦስተኛ ነው። የመጀመሪያው እውነት ሆኖ ሁለተኛው ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ እውነት ሆነው ሦስተኛው ሐሰት ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱም የራሱን ማስረጃ ይፈልጋል።

ስለ መጀመሪያው ብዙ መናገር አያሻም፤ በመለኪያ የሚታወቅ ነገር ነውና። ሸራ ማለት ፍሬኑ በተረገጠ ጊዜ ከሚዞረው ብረት ጋር እየተፋተገ መኪናውን የሚያቆመው፥ በፍትጊያውም እያለቀ እንዲሄድ ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። የማያልቅ ሸራ ቢኖር የማያቆም ሸራ ነበር። በብዙ ከባድ ካሚዮኖች የታምቡር ፍሬን ሸራ አዲስ ሲሆን ውፍረቱ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በተባበረችው አሜሪካ ያለው የንግድ መኪናዎች ደንብ፥ በአየር ግፊት በሚሠራ የታምቡር ፍሬን፥ መሪ ባልሆኑት ጎማዎች ላይ ያለው ሸራ ከ6.4 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ያዛል። የየመኪናው ሠሪም በመጽሐፉ የራሱን ወሰን ይጽፋል። እንግዲህ 60,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ካሚዮን ሸራው ሲለካ 13 ሚሊ ሜትር ቢገኝ፥ ከ20 የጠፋው 7 ነው፤ እስከ ወሰኑም ድረስ ሌላ 7 ያህል ቀርቶታል። ይህን ሸራ ጋራዡ «አልቋል» ብሎ ቢጽፍ፥ ግማሽ የቀረውን እንጀራ ባዶ መሶብ ብሎ እንደ መጥራት ነው። ስለዚህ ቁጥር የሌለበት ወረቀት ወደ ጻፈው ቤት መመለስ ይገባዋል። ስንት ሚሊ ሜትር ቀረ፤ በየትኛው ጎማ፤ የሠሪው ወሰን ስንት ነው፤ መኪናው በዚያ ቀን የቆጠረው ኪሎ ሜትር ስንት ነው፤ የለካውስ ማን ነው።

ሁለተኛው ነገር፥ ያለ ጊዜው የሚለው ቃል፥ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስት ነው። የፍሬን ሸራ እንደ ሰው የተቈረጠ ዕድሜ የለውም። በሜዳ መንገድ የሚሄድና ፍሬኑን እምብዛም የማይረግጥ ካሚዮን፥ በከተማ ውስጥ በየመቶው ሜትር እየቆመ ቆሻሻ ከሚሰበስበው ካሚዮን ጋር፥ አንድ ዓይነት ሸራ ይዞ እጅግ የተለያየ ርቀት ሊሄድ ይችላል። የፍጥነቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና ለማቆም ፍሬኑ የሚውጠው ኃይል፥ በ40 ከሚሮጠው ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው።

የኢትዮጵያ መንገድ ደግሞ ተራራና ሸለቆ የሚበዛበት ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው መንገድ በ20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በጠቅላላው 40,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳቢ ያለው ካሚዮን 1,000 ሜትር ቁልቁል በወረደ ጊዜ የሚለቀው ኃይል፥ 11 ሊትር ያህል ናፍጣ ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት ጋር ይተካከላል። ከዚህ ውስጥ አየሩና መንገዱ ጥቂት ይወስዳሉ፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፥ ወይም ሸራው በሙቀት ይከፍለዋል። እንግዲህ ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ካሚዮን ሸክሙን የሚሸከመው በዳገቱ ነው፤ ሲመለስ ግን ባዶውን ወይም ቀሎት የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ባሕር ዳር ጭኖ የሚሄደው ግን ሙሉ ሸክሙን ይዞ የዓባይን በረሃ ይወርዳል። ሁለቱ በአንድ ቀን የተገዙ፥ በአንድ ፋብሪካ የተሠሩ፥ በጨዋ ነጂዎች የተያዙ ቢሆኑ እንኳ፥ ሸራቸው በአንድ ጊዜ ሊያልቅ አይችልም። ስለዚህ ሻጩ ያለ ጊዜው ባለ ጊዜ፥ የየትኛው መንገድ ጊዜ፥ የየትኛውስ ጭነት ጊዜ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። ሊመዘን የሚገባውም በሌላ አገር ሜዳ ላይ በተሞከረ መኪና ሳይሆን፥ ያንኑ መንገድ በሚመላለሱት ተመሳሳይ ካሚዮኖች ነው።

ሦስተኛው የጥፋተኛው ነገር ነው። እዚህ ላይ ሸራው ራሱ፥ ለሚመለከተው ሰው፥ እንደ ምስክር ይናገራል። የሁሉም ጎማዎች ሸራ እኩል ቢያልቅ፥ ምክንያቱ ጭነቱ ወይም መንገዱ ወይም አነዳዱ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የአንዱ ጎማ ሸራ አልቆ የሌላው ደኅና ሆኖ ቢገኝ፥ ነጂው በአንድ ፔዳል ሁሉንም ፍሬን በአንድነት የሚረግጥ ስለ ሆነ፥ አንዱን ጎማ ለይቶ ሊጎዳ የሚችልበት መንገድ የለውም። እንዲህ በሆነ ጊዜ መመርመር የሚገባው የፍሬኑ ማስተካከያ ክንድ ተጣብቆ እንደ ሆነ፥ መላሽ ሞላው ላልቶ እንደ ሆነ፥ ሸራው ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላ ከታምቡሩ ጋር እየተጎተተ እንደ ሆነ ነው። ሸራው በአንድ ጠርዝ ብቻ ሲያልቅም ነገሩ የአገጣጠም ወይም የዕቃው ጉድለት መሆኑን ያመለክታል። ሸራው በቅባት ርሶ ቢገኝ፥ ከጎማው መዞሪያ የዘይት መከላከያው አፍስሷል ማለት ነው። ታምቡሩ ጠቁሮ ወይም ሰማያዊ መስሎ በጥቃቅን ስንጥቅ ተሞልቶ ቢታይ ግን፥ እጅግ የበዛ ሙቀት እንዳገኘው ያስረዳል፤ ያን ጊዜ ነጂው ሊጠየቅ ይገባዋል።

ከዚህም በቀር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ተሳቢው የራሱ ፍሬን አለው። የተሳቢው ፍሬን ሳይስተካከል ቀርቶ ሥራውን ያልሠራ እንደ ሆነ፥ የተሳቢው ሸክም ሁሉ በሳቢው ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ሳቢውም ሸራውን ቶሎ ይጨርሳል። ሳቢው ብቻውን ወደ ጋራዥ ገብቶ፥ ተሳቢው በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ቆሞ የሚደረግ ምርመራ፥ ይህን ምክንያት ፈጽሞ ሊያገኘው አይችልም። ደግሞም መኪናው ቀደም ሲል በዚያው ጋራዥ ተመርምሮ ፍሬኑ ደኅና ነው የሚል ወረቀት ተሰጥቶት እንደ ሆነ፥ ያ ወረቀት ወጥቶ ከአሁኑ ጋር ሊነጻጸር ይገባል። ባለፈው ምርመራ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ነበረ ካልተጻፈ፥ ፍጥነቱን ማን ሊያውቀው ይችላል?

በነጂዎች በኩልም መታረም የሚገባው ልማድ አለ። ናፍጣ ለማትረፍ ብለው ቁልቁለቱን በፎሌ፥ ማለት ማርሹን ነቅለው፥ የሚወርዱ አሉ። ይህ ሞተሩ ሊይዘው የሚገባውን ሸክም ሁሉ ለሸራው መስጠት ነው፤ ሸራውም ከመጠን በላይ በጋለ ጊዜ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ትርፉም ቢሆን የለም፤ የዛሬ ዘመን የናፍጣ ሞተር ማርሽ ገብቶ ቁልቁለት ሲወርድ ናፍጣውን ራሱ ያቋርጣል፥ በፎሌ ሲወርድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ ይፈጃል። ይህን ለነጂዎቹ ማስተማር የመሥሪያ ቤቱ ተግባር ነው። ከተቻለው መጠን በላይ አስጭኖ የሚልክ አለቃ ግን፥ ስለ ሸራው ነጂውን ሊወቅስ ምን አፍ አለው?

የሕጉም ነገር እንዲሁ ሊታሰብ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ስለ ሸጠው ዕቃ ጉድለት ለገዢው ኃላፊ እንዲሆን ያዛል፤ ገዢውም ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠይቀዋል። ስለዚህ ወረቀቱን በመሳቢያ ውስጥ አስተኝቶ ወራት ካለፈ በኋላ መከራከር አይጠቅምም። አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት እንዲኖረው ደንግጓል። የነጂውን ደመወዝ በተመለከተ፥ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ እንደ ወደደ እንዳይቆርጥ ከልክሏል፤ በሕግ በተፈቀደ ጊዜም እንኳ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ለመንግሥት ሠራተኞች የሚሠራው ሕግ ሌላ ቢሆንም፥ በአንድ ጋራዥ ቃል ብቻ፥ ነጂው ሳይሰማ፥ የልጆቹን እንጀራ መቁረጥ በየትኛውም ሕግ ፍርድ ሊባል አይችልም።

ይህ ነገር ለመሥሪያ ቤቶች ብቻ የተነገረ አይደለም። ምእመናን ባዋጡት ገንዘብ የተገዛ ካሚዮን ያላቸው ገዳማትና አድባራት አሉ፤ እህልና የሕንፃ ዕቃም ያመላልሱበታል። የሰበካ ጉባኤው ሰዎች የመጽሐፍ አዋቂዎች ቢሆኑም፥ በመኪና ነገር ጋራዡ ያለውን እንደ ትርጓሜ ተቀብለው ይከፍላሉ። ሆኖም በፍትሐ ነገሥት ስለ መሸጥና ስለ መግዛት የተጻፈውን ያነበበ ካህን፥ ዕቃው ሳይመረመር ዋጋው እንዳይከፈል መጠየቅ የነጋዴ ጭቅጭቅ አለመሆኑን ከማንም ይልቅ ያውቃል።

ነገር ግን ክርክሩ የሰው ነፍስ እንዳያጠፋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሸራው በእውነት ከወሰኑ በታች ሆኖ ከተገኘ፥ ሻጩ ይክፈል ገዢው ይክፈል እስኪባል ድረስ መኪናው አንድ ቀን እንኳ ጭኖ ወደ ቁልቁለት ሊላክ አይገባም። ሸራው ይለወጥ፤ ክፍያውም ተቃውሞውን በጽሕፈት አስመዝግቦ ይፈጸም። አሮጌው ሸራና ታምቡሩ ግን ከየትኛው ጎማ እንደ ወጡ ተጽፎባቸው ለባለቤቱ ይመለሱ፤ ሳይፈቱም ፎቶግራፍ ይነሡ። ሻጩ ያልሆነ ሌላ መካኒክ በነጂው ፊት ለክቶ በፊርማው ያረጋግጥ። አሮጌው ዕቃ ተጥሏል የሚል መልስ የሚሰጥ ጋራዥ፥ የተከራከረበትን ምስክር በገዛ እጁ ያጠፋ ስለ ሆነ፥ ጥርጣሬው በእሱ ላይ ቢመለስ ሊያዝን አይችልም።

የመለዋወጫ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ መሆኑ ደግሞ የታወቀ ነው። ለእያንዳንዱ ካሚዮን አንድ ደብተር ተከፍቶ፥ በየምርመራው የየጎማው ሸራ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ሆነ፥ መኪናውም ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ቆጠረና በየትኛው መንገድ እንደ ሠራ ቢጻፍበት፥ ወጪው የአንድ መለኪያ ዋጋና የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ደብተሩንም የሚይዘው ንብረት ክፍሉ እንጂ ጋራዡ እንዳይሆን ያስፈልጋል።