ሐይቁ መውጫ የለውም፦ ሐዋሳ ለምትሄዱ ወጣቶች



ዒድ ባለፈ በሳምንቱ፣ ወይም ትምህርት ሲዘጋ፣ የኛ የሻሸመኔ ወጣት እግሩ የሚያመራው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ሐዋሳ። 25 ኪሎ ሜትር ምን አላት! ከአዲስ አበባ የሚነሳው ጀመዓም ቢሆን 275 ኪሎ ሜትሩን ከምንም አይቆጥረውም። «ብርና ጊዜ ማባከን ነው፣ ቁርኣናችሁን አትቀሩም?» የሚሉ ትልልቆቻችን አሉ። እናከብራቸዋለን፤ በዚህ ግን አንስማማም። ስድስት ቀን ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ልጅ ፀሐይ ቢሞቅ፣ ውሃ ቢያይ፣ ተራራ ቢወጣ ምኑ ነው ጥፋቱ? ቅሬታችን አካሄዱ ላይ ነው።

የተለመደውን ታውቁታላችሁ። መኪናው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ፎቶ፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ ጀልባ ላይ ሌላ ፎቶ። 10 ሰዓት ሲሆን «ቶሎ በሉ፣ መንገድ ይመሻል» ይባላል። ሲመለሱ «ሐዋሳ እንዴት ነበረች?» ብንላቸው መልሱ ስልክ ማውጣት ነው።

ወንድሜ፣ ሐዋሳ የጠዋት ከተማ ናት። ከቻላችሁ አንድ ሌሊት እደሩ፤ ካልቻላችሁ ሱብሒን እንደሰገዳችሁ ተነሱ። አሞራ ገደል የሚባለው የአሳ ገበያ ማለዳ ነው የሚደምቀው። አሳ አጥማጆቹ ማታ የጣሉትን መረብ ሰብስበው ይገባሉ፤ ጀልባው ውስጥ ቆሮሶና አምባዛ ይርመሰመሳል። አሳ የሚበልቱት ልጆች እጃቸው ከዓይን ይፈጥናል። ሰው የሚያህለው አባ ኮዳ ደግሞ እንደ ተጋባዥ ሽማግሌ በዙሪያቸው ቆሞ ድርሻውን ይጠብቃል። ዛፉ ላይ ጉሬዛ አለ፤ ጦጣውን ግን ጠንቀቅ በሉት፣ ከእጃችሁ ነጥቆ ነው የሚበላው። ስለ ምግቡ «ሐላል ነው ወይ?» እያላችሁ የምትጨነቁ፣ አሳ ማን አረደው ተብሎ አይጠየቅም፤ መጥበሻው ሌላ ነገር አብሮ እንዳይጠበስበት ብቻ ጠይቁ። ጥሬውን ግን ለለመደው ተዉለት።

ከዚያ ፀሐይዋ ሳትበረታ ታቦር። ተራራው እዚያው ከተማው ውስጥ፣ ከሐይቁ አጠገብ ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚወጣ ሰው ከባድ አይደለም። አንዳንድ የጉዞ አስተባባሪዎች ወንዶቹን ይዘው ሲወጡ እህቶችን «ይከብዳችኋል» ብለው ታች ያስቀምጣሉ። ይህን አንወደውም። በየገጠሩ እናቶቻችን እንጨት ተሸክመው ከዚያ የባሰ ዳገት ይወጣሉ። እህቶች ደህና ጫማ ያድርጉ፣ ከቤተሰባቸው ጋር በራሳቸው እርምጃ ይውጡ፤ የሚሮጠው ይጠብቅ።

አናቱ ላይ ስትደርሱ ስልኩን ለጥቂት ደቂቃ ኪስ ውስጥ አድርጉና ዙሪያውን ተመልከቱ። በአንድ በኩል ከተማው፣ በሌላው 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ውሃ፣ በስተሰሜን የኮርቤቲ ከፍታዎች። ቦታው እንደ ሳህን ነው። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መሬቱ ወደ ውስጥ የወረደበት ጎድጓዳ ነው፤ ሐይቁ የዚያ ሳህን ታች ላይ የተቀመጠ ውሃ ነው። ከምሥራቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን አንድም የለም። ባለሙያዎች ውሃው ያልጨመጨመው ከመሬት ሥር ሰርጎ የሚሄድ ስላለ ነው ይላሉ። ውሃ ይሰርጋል፤ ፌስታልና ሃይላንድ ግን አይሰርጉም። ዛሬ ዳር ላይ የጣልነው የጭማቂ ጠርሙስ፣ የጫት ገረባ የታሰረበት ላስቲክ፣ ሁሉም እዚያው ሳህን ውስጥ ይቀራል። «ማዘጋጃ ቤት ያጸዳዋል» ማለት አያዋጣም።

ሐይቅ አይጠፋም የሚል ካለ ከጥቁር ውሃ ወደ ላይ ይሂድ። ጨለለቃ የሚባል ሐይቅ ነበር፤ ከ50 ዓመት ገደማ በፊት ውሃ የነበረው ቦታ ዛሬ ረግረግና የከብት ግጦሽ ነው። የሐረማያንም ከሐረር ዘመዶቻችን ጠይቁ፤ ጀልባ ይሄድበት የነበረው ሐይቅ ደርቆ ሰው በእግሩ ሲሻገረው ያዩ ናቸው።

አሁን ዋናው ጉዳያችን። ዙህር ሲደርስ ጀመዓው ሱሪውን ሰብስቦ ወደ ሐይቁ ገባ ብሎ ዉዱእ ያደርጋል። ውሃው ጠሃራ ነው፣ በዚያ ክርክር የለም። ችግሩ ብልሃርዝያ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ በሽታው ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ዓይነ ምድር ውሃው ውስጥ ሲገባ፣ ትሉ ዳር ላይ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። መጠጣት አያስፈልግም፣ እግርን መንከር ይበቃል። ትሉ ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ደግሞ ፀሐይ በምትበረታበት በእኩለ ቀን አካባቢ፣ ማለትም ልክ በዙህራችን ሰዓት ነው። መጀመሪያ ቆዳ ያሳክክ ይሆናል፤ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና የሆድ ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመጣል። ችላ ከተባለ ጉበት ይጎዳል። ፕራዚኳንቴል የሚባል ፍቱን መድኃኒት አለው፤ ስለዚህ ከዚህ በፊት ገብታችሁ የምታውቁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «የሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ገብቼ ነበር» በሉ፤ ካልነገራችሁት ሐኪሙ በምን ያውቃል?

ዋናም እንደዚሁ። እኛ ደጋ ያደግን ልጆች አብዛኞቻችን ዋና አንችልም፤ ሐይቁ ደግሞ ጥልቀቱ ከ20 ሜትር የሚያልፍበት ቦታ አለው፣ ጉማሬም አለበት። ጓደኛ «ግባ፣ ፈሪ!» ስላለ የሚገባ ልጅ አለ። ፈሪ ይበሉት፣ ለእናቱ ይመለስላት። ጀልባ የምትይዙ ጠዋት ያዙ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። የሕይወት አድን ጃኬት በሰው ቁጥር ልክ ከሌለ አትሳፈሩ፤ የጀልባው ልጅ «ምንም አይልም» ቢላችሁም።

ለዉዱእ ከተማው ውስጥ መስጂድ ሞልቷል። ሐይቅ ዳር መስገድ ከፈለጋችሁ ግን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የቧንቧ ውሃ ለሰላሳ ሰው ይበቃል፣ ቆጥበን ካደረግን ይተርፋል። ጀሪካኑን ማን እንደሚይዝ፣ ቆሻሻ መመለሻ ማዳበሪያ ከረጢቱንም ማን እንደሚያመጣ መኪና ስትከራዩ ያን ዕለት ወስኑ።