ተርፏል ብሎ መተው

ስለ ሚንጊ ልጆች ሲነሳ ብዙ ሰውን የሚያሳርፍ አንድ መልስ አለ፤ «ልጁ ተርፏል፣ ይበላል፣ ይማራል፤ ሌላ ምን ይፈልጋል?» እኔ ግን ይህን መልስ አልቀበልም።

በደቡብ ኦሞ፣ በበና፣ በሐመርና በካራ ሕዝቦች ዘንድ የላይ ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ፣ መንታ የሆነ ወይም ተገቢው የባህል ሥርዓት ሳይፈጸም የተፀነሰ ሕፃን ሚንጊ ይባላል፤ መቅሠፍት ያመጣል ተብሎም ይገደል ነበር። የካራው ተወላጅ ላሌ ላቡኮ እንዲህ ያሉትን ልጆች እያተረፈ ጂንካ ላይ አሳድጓል፤ በ2004 ዓ.ም. የካራ ሽማግሌዎች ልማዱን አስቀሩ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። የምነቅፈው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

በማሳደጊያ ቤት የተረፈው ልጅ ክትባቱ፣ ክብደቱ፣ የክፍል ውጤቱ ይመዘገባል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ልጁ እዚያው ቆሞ እየሰማ «ይህ ሊገደል የነበረ ነው» ይባላል፣ ፎቶ ይነሳል። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ የገዛ ወገኖቹ ሊጥሉት እንደነበር በማያውቀው ሰው ፊት ይሰማል፤ ማታ ሲተኛ ምን እያሰበ እንደሆነ የሚጠይቀው አለ? እናቱስ? እያለቀሰች የተነጠቀች ብትሆንም በዚያ ታሪክ ውስጥ የምትቀረው ከገዳዮቹ ጋር ነው። ልጁም እንዲሁ አድርጎ ያስታውሳታል።

«ልጅ ምን ያውቃል፣ ይረሳዋል» የሚሉ አሉ። የማይናገር ልጅ አልጋው ላይ ይሸናል፣ ከምግብ ይሸሻል፣ ከጓደኛው ይጣላል፤ ይህን እንደ ጥፋት ቆጥሮ የሚቀጣው ሠራተኛ ልጁ የነገረውን አልሰማም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ልጁ በራሱ ጉዳይ ሐሳቡ ይደመጥ ይላል። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ወላጆቹን የማወቅ መብት ሰጥቶታል።

ወላጅ ደግሞ ሩቅ ላይሆን ይችላል፤ በበና አገር ባለችው ካኮ ሰኞ ገበያ ይውላል፤ የበና እናቶች ይመጣሉ። በአማርኛ ብቻ ያደገ የበና ልጅ ግን አንድ ቀን እናቱን ቢያገኛት በምን ቋንቋ ያናግራታል? የሚሻ ልጅ በሚያምነው ሰው ታጅቦ ቤተሰቡን ይይ፤ የማይሻ አይገደድ። ውሳኔው ከልጁ ጋር እንጂ በልጁ ላይ አይሁን።

በደቡብ ኦሞ ከልጆች ጋር የምትሠሩ ሁሉ፣ የሚቀጥለው ጎብኚ ሳይገባ ልጁን በቋንቋው ጠይቁት፤ አልፈልግም ካለ ጎብኚውን መልሱት።